በአባባ ጥላዬ ደጅ የተተከለው ድንኳን

ቤት ያለው ሰው ሜዳ ላይ ድንኳን ተክሎ ሲያድር መዝናናት እንደሚባል የሰማሁት ከልጄ ከሜሮን ነው። እስከዚያ ድረስ ሜዳ ላይ ማደር መኪና የተበላሸበት ሰው ዕጣ ይመስለኝ ነበር። ሜሮን አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ዓለምን የምታውቀው በስልኳ በኩል ነው። አንድ ቀን ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅና፣ በረዶ መሐል ድንኳን ተክለው፣ ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው የሚስቁ የፈረንጅ ቤተሰቦች አሳየችኝ። እኔስ የሚስቁ አልመሰለኝም፤ ጥርሳቸው ሲንቀጫቀጭ ነው ብያለሁ። «እኛስ አባ?» ስትለኝ ግን «ምን ችግር አለው» አልኩ። ባለቤቴ እንደምትለው የእኔ ጣጣ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህች ቃል ነው።

ባለቤቴ ትዕግሥት ነገሩን ሰማችና፣ ደብረ ብርሃን እየኖረ ብርድ ፍለጋ የሚወጣ ሰው አይታ እንደማታውቅ ተናገረች። ከዚያ ትንሽ አሰበችና ብርድ ካማራችሁ መንዝ አለላችሁ አለች። እሷ እንኳ ያሰበችው ሌላ ነገር ነበር።

አባቷ አባባ ጥላዬ ከዘመሮ አለፍ ብሎ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። በዚያ ሰሞን የአገሩ ሰው ገብሱን አበራይቶ ወደ ጎተራ ሲያስገባ፣ የእሳቸው ክምር ብቻውን ቆሞ ቀርቶ ነበር። ምክንያቱ ከሸለቆው ማዶ የሚኖሩት አያ ጎርፉ ናቸው። ሁለቱ ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ ዛሬ ያንተን ነገ የእኔን እየተባባሉ በወንፈል የኖሩ፣ በሬ የማይለያዩ ሰዎች ነበሩ። ካቻምና ግን በወሰናቸው ላይ ባለች አንዲት ትልም ተጣሉ። አንዱ አልፈህ አረስክብኝ ይላል፣ ሌላው ያረስኩት የራሴን ነው ይላል። ሽማግሌ ተልኮ ደከመው። አባባ ጥላዬ በሁለት በሬ ብቻ፣ ያውም ሰሞኑን በያዛቸው ሳል፣ ያንን ክምር አይወጡትም። ሰማዩ ደግሞ ያለወሩ መዳመን ጀምሮ ነበር። ዝናብ ከቀደመ የዓመት ቀለባቸው እዚያው ክምሩ ላይ ሊበሰብስ ነው። ትዕግሥት እንግዲህ እናንተ ብርዳችሁን ታገኛላችሁ፣ አባቴም ሰው ያገኛል ብላ ነገሩን ቋጨችው።

የቀረው ድንኳን ማግኘት ነበር። በስልክ ላይ የታየው ዓይነት እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ ድንኳን በእኛ ከተማ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። ሲቸግረኝ ወደ እድራችን ዕቃ ቤት ሄድኩ። እድራችን ትልቁን ድንኳን ለትልቅ ለቅሶ፣ ትንሹን ለትንሽ ቦታ ያከራያል። ለባለቤቴ ቤተሰቦች ወደ መንዝ ልወስደው ነው ብዬ ትንሹን ጠየቅኩ። ዕቃ ቤት ያዡ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አሉኝ። ማስረዳቱ ረጅም ሆነብኝና «አሜን» ብዬ ተሸክሜ ወጣሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔ ዝምታ ግን ዘመሮ ሳይደርስ ነቀዘ።

ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ጾመ ነቢያት ገብቷል። በጾም ሠርግ የለም። ሠርግ ከሌለ ደግሞ በአገራችን ድንኳን የሚጫነው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ይህንን ማንም ሕፃን ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ግን የዓመት ዕረፍት ላይ ስለነበርኩ አእምሮዬም አብሮ ፈቃድ ወስዷል።

አውቶቡሱ ላይ ረዳቱ ድንኳኑን ከነቋሚው ጣሪያ ላይ ሲያስር፣ ሸራው ላይ በትልቁ የተጻፈውን የእድራችንን ስም አነበበ። አንብቦም ወደ ሹፌሩ ሄዶ አንድ ነገር አንሾካሾከ። ሹፌሩ ዘፈኑን አጠፋ። አንድ ሽማግሌ ከፊት ወንበራቸው ተነስተው ለእኔ ለቀቁልኝ። እኔ እንግዲህ መንዝ ገና ሳንደርስ የመንዝ ሰው ደግነት ጀመረ ብዬ ተደላድዬ ተቀመጥኩ። ትዕግሥት መኪና ያማታል፤ አቧራውም ተጨምሮ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ነው የምትጓዘው። አጠገቧ የተቀመጡት ሴት ወዴት እንደምትሄድ ጠየቋት። አባቴ ጥላዬ ዘንድ ነው ስትላቸው፣ «ወይኔ ጥላዬን፤ ያ ሳል» ብለው እጇን ጨበጥ አደረጓት። ትዕግሥትም ሰው እንዲህ ለአባቴ ሳል ያስባል ብላ ልቧ ተነካና የምሯን አለቀሰች። ሴትየዋ ዘመሮ ሲደርሱ ወረዱ። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር።

አባባ ጥላዬ ዘንድ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ሰውየው አውድማቸውን በእበት ለቅልቀው አድርቀው፣ ብቻቸውን ከክምሩ ላይ ነዶ ያወርዳሉ። አንዱን ነዶ ያወርዳሉ፣ ያስላሉ፣ ሌላውን ያወርዳሉ። እኔ ልረዳቸው ስሮጥ ከነጫማዬ አውድማው ውስጥ ገባሁ። እሳቸው እግሬን አዩት። እህል የሚወቃበት ቦታ በጫማ አይረገጥም። ጫማዬን ሳወልቅ ያ የተለቀለቀ መሬት እንደ ብረት ቀዝቅዞ ጠበቀኝ፤ እሳቸው ግን ቀኑን ሙሉ በባዶ እግራቸው ቆመውበት ነው የዋሉት። እኔ ይህንን ሰውዬ ከአማትነታቸው በፊት በሰውነታቸው እወዳቸዋለሁ። ሰባ ዓመት አልፏቸው ገና ለነገ የሚቸኩሉ ናቸው።

ድንኳን ይዘን እንደመጣንና ውጪ እንደምናድር ስነግራቸው ግን ቤቱ ፊቱን አጠቆረብን። አማቴ እማማ አስካለ ቤቴ ጠበባችሁ ወይስ የሰማችሁብኝ ነገር አለ ብለው ጠየቁ። መዝናኛ ነው ብዬ አስረዳሁ። በከተማ ብዙ እንደሚደረግም ጨመርኩ። እማማ አስካለ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና «ውጪ ማደር ደስ የሚል ከሆነ ታዲያ በጎቹን በየማታው ቤት የምናስገባቸው ስለ ምንድን ነው?» አሉኝ።

ያም ሆኖ ሜሮን ከቤቱ በላይ ካለው ጉብታ ላይ እንዲተከል ፈለገች፤ ዕይታው ያምራል አለች። እውነትም ያምራል። ከጉብታው ላይ ማዶው ሸለቆ፣ ከሸለቆው ወዲያ ሦስት ቀበሌ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሦስቱ ቀበሌዎችም ጉብታውን ቁልጭ አድርገው እንደሚያዩት ማናችንም አላሰብንም።

የመንዝን የታኅሣሥ ብርድ ልተርክ አልፈልግም፤ የቀመሰው ያውቀዋል፣ ያልቀመሰው አያምነኝም። ሜሮን ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ብላ ወደ ቤት ገባችና በዚያው ቀረች። ትዕግሥት ልጄን ላያት ብላ ተከተለቻት፤ እሷም ቀረች። እኔ የቤተሰቡን ክብር ብቻዬን ይዤ ተኮራምቼ ሳለሁ፣ አባባ ጥላዬ ዝተታቸውን ተሸክመው እያሳሉ ገቡ። ምነው ብላቸው እንግዳ ደጅ አድሮ እሳቸው ቤት እንደማይተኙ ነገሩኝ። ግቡ፣ ያምዎታል ብዬ ለመንኳቸው። አንተ ስትገባ እገባለሁ አሉ። እኔም ግትር ነኝ፣ እሳቸውም ግትር ናቸው፤ ከእድር ድንኳን ሥር በአንድ የመንዝ ዝተት ተጠቅልለን አማችና አማት ተኛን። የዝተቱን አብዛኛውን ወደ እኔ እንደገፉት ያወቅኩት ሲነጋ ነው።

ሲነጋ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል። አባባ ጥላዬ ገና ተኝተዋል፤ ለወትሮው በዚያ ሰዓት ከበሬዎቻቸው ጋር የሚሆኑ ሰው ናቸው። እኔ ጣቶቼ እንዳሉ እየቆጠርኩ ሳለሁ ከማዶ የሰው ድምፅ ሰማሁ። ድምፁ እየቀረበ፣ እየበዛ፣ እያለቀሰ መጣ። በሸራው ስንጥቅ ብመለከት ከሦስቱም ቀበሌ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ቁልቁለቱን እየወረደ ነው። ሴቶቹ ዳቦና ንፍሮ ተሸክመዋል። ከሁሉ ፊት አንድ ጎበጥ ያሉ ሽማግሌ በትራቸውን ጥለው፣ በዚያ ውርጭ ላይ እየተንሸራተቱ ይሮጣሉ። አያ ጎርፉ ነበሩ።

የአውቶቡሷ ሴት ዘመሮ ገበያ ላይ ምን ወሬ እንዳወረዱ ያን ጊዜ ገባኝ። በገበያ የተሰማ ወሬ ላይ ጉብታው ላይ የቆመው ድንኳን ሲታከል፣ ለጥላዬ መሞት ምስክር አያስፈልግም ነበር። እኔም የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ወጥቼ ምን ልበል? አልሞቱም፣ እየተዝናናን ነው ልበል?

አባባ ጥላዬን ቀሰቀስኳቸው። ቀና ብለው ሊወጡ ሲሉ የአያ ጎርፉ ድምፅ ድንኳኑ ደጃፍ ደረሰ። አያ ጎርፉ ደረታቸውን እየደቁ «ወንድሜ ጥላዬ፣ አብረን አርሰን፣ አብረን አበራይተን፣ ለማን ጥለኸኝ ሄድክ» ይላሉ። አባባ ጥላዬ መልሰው ቁጭ አሉ። ልነሳ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ቆይ ልጄ፤ ይጨርስ» አሉኝ በሹክሹክታ።

ውጪ አያ ጎርፉ ቀጠሉ። «ትልሙስ ያንተ ነበር፤ ውሰደው ወንድሜ፣ ያውልህ ትልምህ። ክምርህ ብቻውን ቆሞ እያየሁ ያልመጣሁ እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ» አሉ። ለቀስተኛው ሁሉ ይህን ሲሰማ ልቅሶው ባሰበት። በዚህ ላይ እማማ አስካለ የለቅሶውን ድምፅ ሰምተው ከቤት ወጡ። ባላቸው ድንኳን ውስጥ እንዳደሩ ያውቃሉ፤ ብርዱ ገደላቸው ብለው አመኑ። እየጮኹ ሲመጡ የሚሉት ደግሞ «ብዬው ነበር፣ አትውጣ ብዬው ነበር» ነው። ባል ሞቶም እንኳ መወቀስ እንዳለ ያን ቀን ተማርኩ።

የሚስታቸው ድምፅ ሲመጣ አባባ ጥላዬ አላስቻላቸውም። ዝተታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ የድንኳኑን መግቢያ ገልጠው ወጡ። ልቅሶው እንደ ተቆረጠ ገመድ ቆመ። አንዲት ሴት የያዙትን ንፍሮ ለቀቁት። አባባ ጥላዬ ቀስ ብለው ዙሪያውን አዩ፤ ከዚያ ዓይናቸውን አያ ጎርፉ ላይ አሳረፉ።

«ጎርፉ፣ እስቲ ያንን የትልሙን ነገር ድገምልኝ» አሉ።

አያ ጎርፉ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ኩራት ያላቸው ሰው ስለሆኑ ቶሎ ራሳቸውን ሰበሰቡና «ለሞተ የተሰጠ ለቆመ አይሆንም» አሉ።

«እንግዲያው ተመልሼ ልግባ?» አሉ አባባ ጥላዬ።

መጀመሪያ የሳቁት ለቀብሩ ብለው የመጡት ቄስ ናቸው። ከእሳቸው በኋላ ጉብታው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሳቀ። አያ ጎርፉ ግን አልሳቁም፤ ሄደው አባባ ጥላዬን አንገታቸውን አቅፈው እንደገና አለቀሱ። ሁለቱ ሽማግሎች ተያይዘው ሲያስሉና ሲያለቅሱ ሳይ እኔም አለቀስኩ። ያለቀስኩት ከብርድ ነው ብዬ ለሜሮን ነግሬያታለሁ።

ከዚያ ሰው ሁሉ ድንኳኑ የማን ነው ማለቱ አልቀረም። ጥፋተኛው ታወቀ፤ ማለት እኔ። ለመዝናናት ነው የተከልነው ስል አንዱ እንደገና አስረዳኝ አለ፤ ሁለተኛ ባስረዳው ደግሞ ዝም ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፣ ሐዘን የደረሰበት እኔ እንደሆንኩ ሁሉ። ማንም ግን አልተቆጣኝም። ከሦስት ቀበሌ በውርጭ ላይ ሥራውን ጥሎ የመጣ ሰው በሐሰት ለቅሶ ቢቆጣ እውነት ነበረው። እነሱ ግን ጥላዬ በሕይወት በመገኘቱ ተደስተው፣ ያመጡትን ንፍሮ ለጾም መፍቻ አስቀመጡት። አባባ ጥላዬም በኋላ የራሳቸውን የለቅሶ ንፍሮ ዘግነው በሉ፤ ጨው አንሶታል አሉ።

ቄሱ ወደ ሰማዩ አዩ፣ ወደ ክምሩ አዩ። ለቀብር ብሎ የወጣ ጉልበት ወደ ቤት አይመለስም፣ ለአውድማው ይሁን አሉ። ሌላ ንግግር አላስፈለገም። አያ ጎርፉ በሬዎቻቸውን ሊያመጡ ቁልቁለቱን ሲወርዱ እንደ መጡበት ነው የሮጡት። ረፋዱ ላይ ነዶው ተበትኖ፣ የሁለቱ ሰዎች በሬዎች ጎን ለጎን ተጠምደው አውድማውን ይዞሩ ነበር። ካቻምና ተለያይተው የነበሩ በሬዎች ሲገናኙ እርስ በርስ ተላላሱ፤ ለእነሱ ትልም የሚባል ነገር የለም።

እዚያ አውድማ ላይ ያየሁትን ነገር ሰው ሁሉ ቢያየው ደስ ይለኛል። ማንም ማንንም አያዝም፤ ሁሉም ቦታውን ያውቃል። የሚያበራየው ያበራያል፣ በመንሽ የሚያገላብጠው ያገላብጣል፣ ነፋስ ሲመጣ ላይዳ የያዘው ገብሱን ወደ ላይ ይረጫል፣ ጭዱ ወደ አንድ ጎን ፍሬው ወደ እግር ሥር ይወርዳል። ትዕግሥት ቢሮ የምትውል ሴት መሆኗን ረስታ መንሹን ስታነሳና ስትጥል አይቼ፣ አገባኋት እንጂ አላውቃትም ነበር አልኩ። ሜሮን በሬዎቹን እየነዳች ስልኳን የት እንዳስቀመጠች እንኳ አታውቅም። ለእኔ ደግሞ ለአማች የሚመጥን ሥራ ተሰጠኝ። በሬ እየዞረ ጭራውን ባነሳ ቁጥር ገለባ ይዤ እሮጥና፣ እበቱ ገብሱ ላይ ሳያርፍ እቀበላለሁ። በመሥሪያ ቤቴ ብዙ ኃላፊነት ተሰጥቶኝ ያውቃል፤ እንደዚህ ሰዓት የማይሰጥ ግን አልገጠመኝም። አያ ጎርፉ ሁለት ጊዜ አመሰገኑኝ። አንዴ ደግሞ ዘገየሁ፤ ስለእሱ አናወራም።

ከሰዓት በኋላ ፍሬው ተጠርጎ መሐል አውድማው ላይ ክምር ሠርቶ ሳለ፣ ደመናው ከሸለቆው ተነስቶ በአንድ ጊዜ ላያችን ላይ መጣ። ወደ ጎተራ ለማጓጓዝ ጊዜ የለም። ጠብታው ፊቴ ላይ ሲያርፍ ወደ ጉብታው ቀና ብዬ ድንኳኑን አየሁት። ሮጥኩ። አያ ጎርፉም ገብቷቸው ተከተሉኝ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ያንን ድንኳን ለመትከል እስኪጨልም ታግለን ነበር፤ ሲነቀል ግን አንድ አፍታ አልፈጀም። ሃያ እጅ ሆነን ሸራውን ዘርግተን ገብሱ ላይ አለበስነው፣ ዳር ዳሩን በድንጋይ ጫንነው። ዝናቡ የእድራችንን ስም እየደበደበ ወረደ። አንድም ፍሬ አልረጠበም። አባባ ጥላዬ ቆመው በሸራው ላይ የሚንከባለለውን ውኃ አዩና፣ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም አሉ።

በዚያ ዕለት ሁላችንም ቤት ውስጥ አደርን። በጎቹም አብረውን ነበሩ። እማማ አስካለ መዝናናቱ እንዴት ነው ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ፤ ሁለቴም ደህና ነው አልኳቸው። እውነትም እንደዚያ ሞቆኝ አያውቅም።

በማግሥቱ ገብሱ ጎተራ ገባ። ድንኳኑን አጥበን አደረቅነው፤ ጭዱ ግን ከስፌቱ ውስጥ አልወጣ አለ። ለዕቃ ቤት ያዡ ምን እንደምላቸው እያሰብኩ ስጠቀልለው አባባ ጥላዬ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሳላቸው ረገብ ብሏል። ማዶ አያ ጎርፉ በወሰናቸው ላይ ቆመው በሬዎቻቸውን ያግጣሉ። አባባ ጥላዬ ወደዚያ አዩ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ትልሙ የጎርፉ ነው። አልፌ ያረስኩት እኔ ነኝ።»

ድንኳኑ ከእጄ ወደቀ። ታዲያ ምነው አልነገሩትም ብዬ ጠየቅኳቸው። እንዴት አድርጌ አሉኝ፤ ፊት ለፊት ቆሞ እያየኝ፣ በደህና ቀን፣ እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ይነገራል? ሸራውን ጠቅለል አድርገው ጉልበቴ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ለከርሞ ስትመጡ ድንኳኑን ጎርፉ ደጅ ትከሉት» አሉኝ፤ «እኔ እያለቀስኩ መጥቼ እነግረዋለሁ።»